ታንኳችን፦ ከልጆቼ ጋር በጣና ዳር የያዝሁት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 4

ሥራው ገና አልተጀመረም፤ ማስታወሻው ግን ከዛሬ ይጀምራል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጣና ዳር ታንኳ ሲሠሩ ከኖሩ አንድ ሽማግሌ ሥር ሆነን፣ ከሁለት ልጆቼ ጋር በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ተክል፣ ከደንገል፣ አንዲት ትንሽ ታንኳ ልንሠራ ተስማምተናል። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ 8። ከቨርጂኒያ ወደ ባሕር ዳር ከመጣን አምስት ሳምንት ሞላን። የመጣነው እናቴን ለማስታመም ነው፤ የመመለሻ ትኬታችን ኅዳር 20 ይላል።

ልጆቼን ቤት ውስጥ ማስተማር ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ ግልጽ ነው። ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ልጁን በቤቱ እንደሚያስተምር ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የሚያስተምራቸውን የትምህርት ዓይነቶችም ይዘረዝራል። በተከታዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም የገምጋሚ ደብዳቤ ያስገባል። ይህን መፈጸም አስቸግሮኝ አያውቅም። የሚያስቸግረኝ የራሴ ልብ ነው። በክረምቱ ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ሲጨልም፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስታችን ብቻ ስንቀር፣ ቡና ጠጡ ብሎ የሚጠራ ጎረቤት ሳይኖር፣ ዘመድ ደግሞ በስልክ «ልጆቹን ከሰው ለየሻቸው» ሲለኝ፣ ቀኑ የተበላሸ የሚመስለኝ ገና ሳይጀመር ነው።

አገሬ ስገባ ይህ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም። ባሕር ዳር ለእኔ የተወለድሁበት ከተማ ነው፤ ለልጆቼ ግን ውጭ አገር ነው። እኔም ብሆን ከ14 ዓመት በኋላ የገበያውን ዋጋ እየጠየቅሁ፣ አንዳንዱን ቃል እየፈለግሁ ነው የምኖረው። እዚያም እንግዳ፣ እዚህም እንግዳ።

ስለዚህ ለዚህ ማስታወሻ አንድ ደንብ አወጣሁ። በየምሽቱ ስጽፍ ከቀኑ መልካም ነገር እጀምራለሁ፤ ቀጥዬ የጎደለውን እጽፋለሁ። የጎደለውን መሸፈን የለም። ባለፈው ሳምንት ከልጆቹ ጋር የፊልጵስዩስን መልእክት ስናነብ፣ ጳውሎስ «ደስ ይበላችሁ» ብሎ የጻፈው ታስሮ ሳለ መሆኑን ነገርኋቸው። ልጄ ቀና ብላ «ታዲያ እያስመሰለ ነበር?» አለችኝ። ወዲያው መልስ አላገኘሁላትም። ማታ መልሼ ሳነበው፣ በዚያው መልእክት ውስጥ ወዳጁ ለሞት እስኪደርስ ታምሞ እንደነበረና በሐዘን ላይ ሐዘን እንዳይጨመርበት እግዚአብሔር እንደማረው ጽፏል። ሐዘኑን አልደበቀም። በማግሥቱ ቦታውን አሳየኋት። ደንቡ የመጣው ከዚያ ነው።

የዛሬው መልካም ነገር፦ ሽማግሌው እሺ አሉን።

ጥቅምት 6

መልካሙ፦ ልጄ ሽማግሌውን በራሷ አንደበት፣ እኔ ሳላስተረጉም፣ «ጤና ይስጥልኝ አባባ፤ እንዴት አደሩ?» አለቻቸው። ለአንድ ሳምንት ስትለማመደው ነበር።

ሽምብጥ አካባቢ ካለው የሐይቁ ዳር ላይ ነው የተገናኘነው። ዳሩ ላይ አራት ታንኳዎች ሆዳቸውን ወደ ፀሐይ ሰጥተው ተደግፈው ቆመዋል። ልጄ ለምን እንደቆሙ ጠየቀቻቸው። «ጠጥተው ነዋ» አሏት። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ቀን ውኃ ላይ የዋለች ታንኳ ማታ ከውኃ ወጥታ ካልደረቀች በየቀኑ እየከበደች ትሄድና ትሰምጣለች። በደንብ የተያዘች እንኳ ዕድሜዋ በወራት የሚቆጠር ነው። ልጄ ደነገጠች፤ ለዘላለም የሚቆይ ነገር የምንሠራ መስሏት ነበር።

ሥራውን ከፋፍለው ነገሩን፦ ደንገሉን ማጨድ፣ ማድረቅ፣ ልጡን መግመድ፣ ማሰር። ለሙያቸው የቀን ዋጋ ተስማማን። የናይሎን ገመድ ገዝቼ ላምጣ ወይ ስላቸው «አምጪ፤ ግን መጀመሪያ ልጆቹ ልጥ ይወቁ» አሉኝ። በቤቴ የማስተምርበትን መንገድ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገሩኝ ያህል ተሰማኝ።

አንድ ነገር ለወላጆች፦ በጣና ዳር ቢልሃርዝያ፣ ከውኃው በቆዳ በኩል የሚገባ የትል በሽታ፣ አለ። ልጆች ባዶ እግራቸውን ሣሩና ደንገሉ ውስጥ እንዲገቡ አልፈቅድም። ለሁለቱም ረጅም የላስቲክ ቦት ጫማ ገዝቻለሁ፤ ለውኃው ቀን የሚሆን ተንሳፋፊ ሰደርያ ደግሞ ከቨርጂኒያ ይዤ መጥቻለሁ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ ወደዚያ ጨርሶ አንሄድም።

ጥቅምት 9

መልካሙ፦ ማጭድ ይዘን ዋልን፤ ማንም አልተቆረጠም።

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለጠዋቱ ብርድ ነው፤ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን በጋቢ ተጠቅልለን ወጣን። ሐይቁ ክረምቱን ጠጥቶ ሞልቷል። ሽማግሌው ድሮ ደንገል የሚያጭዱት ከቤታቸው በር ላይ ነበር፤ አሁን በታንኳ ሩቅ መሄድ አለባቸው። ዳሩ ታርሷል፣ ታጥሯል፤ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ደግሞ እምቦጭ አለ። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ነው፤ የእኔ ልጅነት ጣና እምቦጭ አያውቅም ነበር። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው ድምፄ እንደሚያዝን ተሰማኝ፤ አላቆምሁም።

ሽማግሌውና ልጃቸው ያጨዱትን እኛ ደረቁ መሬት ላይ ተቀብለን ዘረጋን። ልጄ ረጅሙን ለካች፤ 3 ሜትር ከ20። ወንድሟ አንዱን በቢላዋ ቆርጦ ጫፉን ሲያይ ጮኸ፤ ግንዱ ክብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ነው። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነጭ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይገባል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ያ ልጅ ለግማሽ ሰዓት ከዚያ ቁራጭ ጋር ተቀመጠ። እየጫነ፣ እየለቀቀ፣ ጆሮው ላይ እየያዘ፣ በአፉ አየር እየነፋበት። በአንዱ ጫፍ ሲነፋ በሌላው ጫፍ አረፋ ወጣ፤ ምራቁ ነው። «እማዬ፣ አየር ያልፋል! ለዚህ ነው የሚንሳፈፈው!» አለኝ። የዚህን ዓመት የሳይንስ መጽሐፉን ገና ከምዕራፍ ሁለት አላለፍንም፤ ዛሬ ግን ምዕራፍ ሰባትን በራሱ አፍ አነበበው።

ጥቅምት 11

መልካሙ፦ እናቴ ሙሉ እንጀራ በላች።

የጎደለው፦ ኢንተርኔቱ ለሦስተኛ ቀን የለም። የሂሳብ ትምህርታችን ያለው እዚያ ላይ ነው። ልጄ ዓርብ ዓርብ በስክሪን የምታገኛቸው ጓደኞቿ ናፈቋት፤ ወንድሟ ማታ ከብርድ ልብሱ ሥር አለቀሰ። ምክንያቱን ስጠይቀው «እዚህ ሁሉም ሰው ያየኛል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ያየዋል። ልጨምርበት የምችለው ቃል አልነበረኝም። አቅፌው ተኛሁ።

ጥቅምት 14

መልካሙ፦ ያለ ኢንተርኔት ሂሳብ ተማርን፤ ያውም ከመጽሐፉ የተሻለ።

ከደንገሉ እኩል ርዝመት ያላቸው፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ቆረጥን። እያንዳንዱ በኩሽና ሚዛን 12 ግራም መዘነ። የአንዱን ሁለት ጫፍ ወንድሟ በጧፍ ሰም ደፈነው። ጧፉን ከአያቱ ነው የለመነው፤ አያቱ ደግሞ ለምን እንደፈለገው ሳትጠይቅ ሰጠችው። ሁለቱንም ባልዲ ውስጥ ደንጋይ ጭነንባቸው አሳደርን። በማግሥቱ ክፍቱ 31 ግራም፣ የተደፈነው 19 ግራም። ውኃው በብዛት የሚገባው በተቆረጠው አፍ መሆኑን ልጆቹ በራሳቸው ደረሱበት።

ከዚያ የታንኳውን የመሸከም አቅም አሰላን። ሽማግሌው በነገሩን መሠረት ሁለት ወፍራም እስሮች ይኖሩናል፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 2 ሜትር ከ40፣ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር። ልጄ የሲሊንደር ይዘት ቀመር ተጠቅማ ለሁለቱ 235 ሊትር ገደማ አገኘች። በግንዶቹ መካከል ክፍተት ስላለ ሩቡን ቀነሰች፤ 176 ሊትር ሆነ። የደረቀው ደንገል ክብደት 30 ኪሎ ቢሆን ብለን ያንንም ቀነስን። ውጤቱን በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችው፦ 146 ኪሎ። ሦስታችን አንድ ላይ 125 ኪሎ ነን። «ሦስታችንም እንችላለን!» ብላ ዘለለች።

ውጤቱን ለሽማግሌው አሳየናቸው። ወረቀቱን በአክብሮት ተቀብለው፣ አገላብጠው አይተው፣ «ተንሳፍፋ ለመቆም ይበቃት ይሆናል። ለመቅዘፍ ግን አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ልጅ ነው» አሉ። መንሳፈፍና መሄድ ሁለት ነገር መሆኑን ልጄ ማስታወሻዋ ላይ ጽፋለች።

ጎረቤታችን ከሰዓት ቡና ልትጠጣ መጥታ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ልጆቹ ለምን ትምህርት ቤት አይገቡም?» እኔ እንደ ሁልጊዜው ማብራራት ጀመርሁ፤ ሕጉን፣ ፈተናውን፣ ሁሉንም። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና «አባቴ ዳዊት የደገመው ዋርካ ሥር ነው። ማን ደወል ደወለለት?» አለች። ከሰሞኑ በዚህ ዓይነት ንቃት የተናገረችበት ቀን አልነበረም። ጎረቤታችን ሳቀች፤ ቡናዋንም ቀጠለች። ይህንንም በመልካሙ ላይ ጨምሬዋለሁ።

ጥቅምት 18

ሌሊት ያለ ጊዜው ዝናብ ጣለ።

ደንገሉ በግቢው ውስጥ ተዘርግቶ ስምንተኛ ቀኑን ይዞ ነበር፤ ሦስት ቀን ነበር የቀረው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቆርቆሮው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሦስታችንም በሌሊት ልብስ ወጥተን በጨለማ ተሸክመን ወደ በረንዳው ማግባት ጀመርን። ግማሹን ሳናገባ ሁሉም ረጥቧል። ወንድሟ አንዱን ረጅም ግንድ ሲጎትት የመስኮት መስታወት ሰበረ። ያን ጊዜ ጮኽሁበት። ያለ ልክ ጮኽሁበት። ከዚያ በልጄ ላይ፣ ከዚያ በዝናቡ ላይ፣ ከዚያ «ምን አመጣኝ እዚህ» ብዬ በራሴ ላይ። እናቴ ከእንቅልፏ ነቅታ ማን እንደሞተ ጠየቀች።

ጠዋት ወንድ ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር ብሎኛል። ማታ ደብተሩን ስከፍት ግን የምጽፈው መልካም ነገር አጣሁ። ለማስመሰል ስላልፈለግሁ መስመሩን ባዶ ትቼ ዘጋሁት።

ጥቅምት 19

ደብተሩን ስከፍት ባዶ የተውሁት መስመር ላይ በወንድሟ እጅ፣ በእርሳስ፣ «ዝናቡ ሲመጣ ሦስታችንም አብረን ሮጥን» ተብሎ ተጽፏል።

ሽማግሌው መጥተው አዩት። እያንዳንዱን ግንድ በአፍንጫቸው እያሸተቱ፣ በጥፍራቸው እየጫሩ ለዩት። የሻገተው ለእንስሳ ጉዝጓዝ ሄደ፤ ከሦስት አንድ እጁን ጣልን። «ሌላው ፀሐይ ይምታው፤ ይተርፋል» አሉ። ስለ እኛ ደንገል ብዙም አልተናገሩም። ስለ እህታቸው ልጅ ተናገሩ፤ ዳጉሳውን አጭዶ መሬት ላይ ጥሎት ነበር፤ የዓመት ቀለቡ ነው። ልጆቹ ዝም ብለው ሰሙ። ማታ ስንጸልይ ልጄ ሳልነግራት ያንን ሰው ጨመረችው።

ጥቅምት 24

መልካሙ፦ እሑድ ነው። ማኅሌተ ጽጌ ቆመን አደርን፤ ልጆቹ እስከ እኩለ ሌሊት ቆይተው የቀረውን በጋቢ ተጠቅልለው ተኙ።

ደንገሉ እስኪደርቅ ስለ ታንኳ ታሪክ እናጠና ብዬ ነበር። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪ በ1969 በአውሮፓውያን አቆጣጠር «ራ» የምትባል የደንገል መርከብ አስገነባ፤ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነው። የሠሯት ሰዎች የመጡት ከቻድ ሐይቅ ነበር። ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ልታቋርጥ ሄደች፤ የኋላዋ ጫፍ ውኃ እየጠጣ እየወረደ፣ ከዚያ ማዕበል እየመታት፣ ባርባዶስ ሳትደርስ ተወች። ሄየርዳል በሚቀጥለው ዓመት «ራ 2»ን ሠራ፤ በዚህኛው ጊዜ ሠሪዎቹ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ነበሩ። በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ልጄ ካርታው ላይ በጣቷ ተከትላ ከሄደች በኋላ «የመጀመሪያዋ የወደቀችው በእኛ ደንገል ነው ማለት ነው» ብላ ተከፋች። በጧፍ ሰም የደፈነው ወንድሟ ግን ወዲያው ሚዛኑን አስታወሳት። የኋላዋን ጫፍ ያጠፋው ደንገሉ አይደለም፤ ውኃ ሲገባ የሚይዘው ነገር ማጣቱ ነው አላት። እኔ ተናግሬው አላውቅም። እነዚህ ልጆች ከመጽሐፍ ያነበቡትን ከግቢ ጋር ሲያገናኙ ከማየት የበለጠ ደስታ በዚህ ሥራ ውስጥ አላውቅም።

ጥቅምት 28

መልካሙን ዛሬ በአንድ መስመር መጻፍ አልችልም።

ሽማግሌው የልጥ ጥቅል አመጡልን። ውኃ ውስጥ አድሮ የለሰለሰ ነው፤ ሽታው የደረቀ ሣርና የጭቃ ነው። ሁለት ልጥ ይዘው ጉልበታቸው ላይ በመዳፋቸው ወደ ፊት ሲያሹት ሁለቱም ይጠመዘዛሉ፤ ወደ ኋላ ሲመልሱት እርስ በርሳቸው ይገመዳሉ። ሲሠሩት ቀላል ይመስላል። እኔም ልጆቹም አንድ ሰዓት ታግለን ያወጣነው ገመድ በጣት ሲጎትቱት ተፈታ።

እናቴ በረንዳው ላይ በፀሐይ ተቀምጣ ታየን ነበር። ከሰሞኑ ልጄን በእህቴ ስም ነው የምትጠራት፤ ወንድሟን ደግሞ አንዳንዴ «ይህ የማነው ልጅ?» ትላለች። ልጄ ይህ ይጎዳታል፤ እኔንም። ልጄ የተበላሸውን ገመዷን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። እናቴ ምንም ሳትል ከእጇ ወሰደችው። ጫፉን በጥርሷ ያዘች። ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰበሰበች፤ መዳፏን በምራቅ አራሰች፤ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። ገመዱ ከጣቶቿ ሥር እንደ ክር እየወጣ መሬት ላይ ተጠመጠመ። ሲያጥር አዲስ ልጥ ታስገባለች፤ መጋጠሚያው የት እንደሆነ አይታወቅም። ሽማግሌው ሥራቸውን አቁመው ያዩዋት ነበር። «እናንተ ቤት ባለሙያ እያለ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?» አሉ።

እናቴ ልጅ ሳለች አጥር ግቢ ያጥሩ የነበሩ ሰዎችን ታግዝ እንደነበር አላውቅም ነበር። በሕይወቴ ገመድ ስትገምድ አይቻት አላውቅም። ልጄ እጇን በአያቷ እጅ ላይ አድርጋ አቅጣጫውን ያዘች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን 11 ሜትር ገመዱ። በስሟ አንድ ጊዜም አልጠራቻትም። ልጄም አልጠየቀችም።

የጎደለው፦ ማታ እናቴ ገመዱን አይታ ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ።

ኅዳር 3

መልካሙ፦ ማሰር ጀመርን።

መሬት ላይ ልጥ በየክንዱ ርቀት ተዘረጋ፤ በላዩ ደንገሉ ተደረደረ፤ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ኋላ፣ ቀጭኑ ወደ አፍንጫዋ። አንድ ሰው ተንበርክኮ በጉልበቱ ይጫነዋል፤ ሌላው ገመዱን ስቦ ያጠብቃል። ወንድሟ የሚጫነው ሰው ሆነ፤ 26 ኪሎው በዚህ ሥራ የሚጠቅም መሆኑን ሲያውቅ ኮራ። የግራውን እስር እኔና ልጄ አሰርን፤ የቀኙን ሽማግሌው። አፍንጫዋን ወደ ላይ ለማጠፍ ሁለት ወንዶች አስፈለጉ። መሃል ላይ ለመቀመጫ ሦስተኛ፣ ቀጠን ያለ እስር ይገባል። እናቴ የገመደችው ገመድ ለአፍንጫው ተቀመጠ፤ ሽማግሌው «ጠንካራው ወደዚህ ነው» ብለው ነው የለዩት።

ኅዳር 6

ቁስቋም። ቤተ ክርስቲያን ሄደን ተመለስን፤ ሥራ የለም። የጽጌው ጊዜ አብቅቷል። ጥሩ ቀን ነበር።

ኅዳር 9

መልካሙ፦ ተንሳፈፈች።

የጎደለው፦ ወደ ግራ አጋደለች፤ አለልክ። ከደንጋዩ መውረጃ ላይ ሆነን ለቀቅናት። ሽማግሌው ገቡ፤ ወንድሟ ሰደርያውን ለብሶ ከፊታቸው ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ በቀርቀሃው ሳይቀዝፉ ግራ ጎኗ ውኃው ውስጥ ገባ፤ የልጄ ልብስ እስከ ወገቡ ራሰ። ጮኸ፣ ግን በደስታ ይሁን በፍርሃት ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ወዲያው ወደ ዳር ተመለሱ።

ግራው እኔ ያሰርሁት ነው። ፊቴ ተቃጠለ። ከአንድ ወር በፊት ቢሆን ይህን ቀን ተሸክሜው እተኛ ነበር፤ በልጆቼ ፊት ያበላሸሁት ሥራ፣ ሰው እያየ። ሽማግሌው ሁለቱን እስሮች በክንዳቸው ለክተው «ግራው ወፍሯል፤ ላልቷልም። ውኃ በላላው በኩል ይገባል» አሉ። ምንም ጨምረው አላሉም። እኔም ምንም አላልሁም። ልጄ ሁለቱን በሜትር ለካች፤ ግራው 29፣ ቀኙ 25 ሴንቲ ሜትር። የእሷ ስሌት ሁለቱም 25 እንደሚሆኑ አድርጎ ነበር። ታንኳዋን አውጥተን ሆዷን ወደ ፀሐይ ሰጠናት። ማታ በደብተሬ ላይ «ተንሳፈፈች» ብዬ ስጽፍ ከልቤ ነበር።

ኅዳር 10

የግራውን ፈትተን ቀነስን። በዚህኛው ጊዜ ልጄ ገመዱን ጎተተች፤ እኔ ተጫንሁ። ጉልበቴ እስኪላጥ።

ኅዳር 13

መልካሙ፦ ወንድሟ ቀዘፈ።

ከኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት። ሐይቁ ዝም ብሏል፤ በሩቅ ፔሊካኖች ይታያሉ። ከዘጌ በኩል ማገዶ የጫኑ ታንኳዎች እየመጡ ነው። ታንኳችን ቀጥ ብላ ቆመች። መጀመሪያ ልጄ ከሽማግሌው ጋር ሄደች፤ ከዚያ ወንድሟ። ሲመለስ ሽማግሌው ቀርቀሃውን ሰጡት። ከውኃው ይልቅ አየሩን ቀዘፈ፤ ታንኳዋ ተሽከረከረች፤ ዳር ላይ ያሉ ልጆች ሁሉ ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ሁሉም ሰው እያየው ነበር።

እኔ ከእሳቸው ጋር በመጨረሻ ገባሁ። ደንገሉ ከሥሬ ይተነፍሳል፤ ውኃው በገመዶቹ መካከል እየወጣ ልብሴን አርሶታል። 64 ኪሎዬን ችላለች። ዳር ላይ ሁለቱ ልጆቼ ቆመው አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ይጠሩኛል። የጎደለ ነገር ካለ ዛሬ አልፈለግሁትም።

ኅዳር 17

መልካሙ፦ ሻንጣው ተዘጋጅቷል፤ እህቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እናቴን ተረክባለች።

የጎደለው፦ እናቴን ትቼ ልሄድ ነው። ይህን ሌላ መልክ ልሰጠው አልችልም። ቨርጂኒያ ስንደርስ ክረምቱ ገብቶ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ጨልሞ ይጠብቀናል፤ ያንንም አውቃለሁ።

ታንኳዋን ለሽማግሌው የልጅ ልጅ ተውንለት፤ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከወንድ ልጄ ጋር በእነዚህ ሳምንታት ተዋውቀዋል፤ ግማሹ በምልክት ነው። ልጄ ለታንኳዋ አያያዝ መመሪያ በአማርኛ ልጽፍለት ብሎ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ፊደሎቹ ትላልቅ ናቸው፤ ሁለት ቦታ «ሀ» እና «ሐ»ን አደባልቋል፤ አላረምሁትም። ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልለን ከአፍንጫዋ ገመድ ላይ፣ አያቱ ከገመደችው ላይ፣ አሰርነው። እንዲህ ይላል፦

«ማታ ከውኃ አውጣት። ከባድ ናት፣ ሰው ጥራ። ዝናብ ከመጣ ሁላችሁም ሩጡ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ገልብጣት።»